አሞኒያ በአልጌ ሕዋስ ውስጥ የሚያደርገውን በዓይን ማየት፦ የሙከራ አሠራር

አራት ኪሎ የምሠራበት ክፍል መስኮት ፀሐይ ከጠዋት እስከ ከሰዓት አይለየውም። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ በማር ጠርሙስ ባስቀመጥኩት ክር መሰል አልጌ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ጥቂት አሞኒየም ክሎራይድ ጨመርኩበት፤ በሊትር 2 ሚሊሞል ቢሆን ነው። ናይትሮጂን ስለሚፈልግ ምግብ ይሁነው ብዬ ነበር። እስከ 5 ሰዓት ክሩ በአረፋ ተደግፎ ላይ ተንሳፎ ቆየ። ከቀኑ 9 ሰዓት ስመለስ አረፋው ጠፍቶ ክሩ ሁሉ ጠርሙሱ ግርጌ ተኝቷል። በማግስቱ ገረጣ፣ በሦስተኛው ቀን ሸተተ።

በመሃል ማንም ምንም አልጨመረበትም። የተለወጠው የውሃው ፒኤች ነው። አልጌ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከውሃው ይመጥጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲያልቅ ውሃው ወደ አልካሊነት ይሄዳል። በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ጠዋት 7.5 የነበረ ፒኤች ከሰዓት 9ን አልፎ ሊገኝ ይችላል። ጠዋት ምግብ የነበረው አሞኒየም ከሰዓት መርዝ የሆነው በዚህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተማሪዎቼ ይህን ነገር በቃል ከማስረዳት በማይክሮስኮፕ ማሳየት እመርጣለሁ። አሠራሩን ከነጥንቃቄው እነሆ። ለመሰናዶ ትምህርት ቤት ላብም ለኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመትም ይሆናል።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው

አሞኒያ ደካማ ቤዝ ነው። ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ቻርጅ የሌለው አሞኒያ፣ ሌላው ፕሮቶን የያዘው አሞኒየም። ሁለቱ ያለማቋረጥ ይቀያየራሉ። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤች ነው። ቻርጅ የሌለው የሕዋሱን ሜምብሬን እንደ ልቡ ያልፋል። ቻርጅ ያለው ግን የቅባቱን ንብርብር አያልፍም፤ ለመግባት የማጓጓዣ ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

የአዲስ አበባ ክፍል ሙቀት ብዙ ጊዜ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት የአሞኒየም ፒኬኤ፣ ማለትም አሞኒያውና አሞኒየሙ እኩል የሚሆኑበት ፒኤች፣ 9.4 ነው። ከዚህ ተነስተን ስናሰላ፣ ከጠቅላላው አሞኒየም ውስጥ በአሞኒያ መልክ የሚገኘው ይህን ያህል ነው፦

ፒኤች 6 ላይ 0.04 በመቶ
ፒኤች 7 ላይ 0.4 በመቶ
ፒኤች 8 ላይ 3.8 በመቶ
ፒኤች 9 ላይ 28 በመቶ ገደማ
ፒኤች 10 ላይ 80 በመቶ ገደማ

ብዙ መጻሕፍት ፒኬኤውን 9.25 የሚሉት 25 ዲግሪን ይዘው ነው፤ ክፍላችሁ ሞቅ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ከዚህ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ከላይ ያለው የመቶኛ ዝርዝር ይሁን። ጠርሙሱ ላይ «5 ሚሊሞላር» (በሊትር 5 ሚሊሞል) ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ያው 5 ሚሊሞላር ፒኤች 6 ላይና ፒኤች 9 ላይ ሲሆን ወደ ሕዋሱ ሰተት ብሎ የሚገባው መጠን በ700 እጥፍ ይለያያል።

አሁን ወደ ሕዋሱ ውስጥ እንግባ። የአልጌ ሳይቶፕላዝም ፒኤች 7.5 አካባቢ ነው። መሃሉን የሚሞላው ትልቁ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት፣ ቫኪዩል፣ ግን አሲዳማ ነው፤ 5 አካባቢ። አሞኒያው ሁለቱንም ሜምብሬን አልፎ ቫኪዩሉ ውስጥ ሲደርስ ፕሮቶን ያገኛል፣ አሞኒየም ይሆናል፣ በገባበት መውጣት ያቅተዋል። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ እንደሆነ የዓሣ ቅርጫት ማለት ነው። ውጭው ፒኤች 8፣ ቫኪዩሉ ፒኤች 5 ሆነው ቢጸኑ ኖሮ በሒሳቡ መሠረት ውስጥ የሚጠራቀመው አሞኒየም የውጭውን 1,000 እጥፍ ሊጠጋ ይችል ነበር። ግን አይጸኑም። ፒኤች 5 ላይ ቫኪዩሉ ያለው ነጻ ፕሮቶን 10 ማይክሮሞላር ብቻ ነው፤ የተቀረው በኦርጋኒክ አሲዶች ላይ የተያዘ መጠባበቂያ ነው። የሚገባው እያንዳንዱ አሞኒያ ከዚህ ክምችት አንድ ፕሮቶን ይወስዳል። ስለዚህ የቫኪዩሉ ፒኤች ይወጣል፣ የወጥመዱም ኃይል አብሮ ይዳከማል።

ሕዋሱ ዝም ብሎ አያይም። የቫኪዩሉ የፕሮቶን ፓምፖች አሲዱን ለመመለስ ጉልበት እያወጡ ፕሮቶን ያስገባሉ። ፕሮቶን ሲገባ ፖዘቲቭ ቻርጅ ገባ ማለት ነው፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወይ ክሎራይድን የመሰለ ኔጌቲቭ አዮን ይገባል ወይ ፖታሲየምን የመሰለ ፖዘቲቭ አዮን ይወጣል። ውስጥ የተጠራቀመው አዮን ሲበዛ ደግሞ ውሃ ይከተለዋል። «የአዮን ሚዛን ተዛባ» የሚባለው ይህ ሰንሰለት ነው፤ ነገሩ በአንድ ፕሮቶን ተጀምሮ ክሎራይድ፣ ፖታሲየምና ውሃ ላይ ይደርሳል።

በውጨኛው ሜምብሬን ላይ ሌላም ነገር አለ። አሞኒየም ከነቻርጁ በማጓጓዣ ፕሮቲን በኩልም ይገባል። ካራ በተባለው ትልቅ ሕዋስ ባለው የንጹሕ ውሃ አልጌ ላይ በ1970ዎቹ በተሠሩ ጥናቶች ይህ በግልጽ ታይቷል። ፖዘቲቭ ቻርጅ ሲገባ የሜምብሬኑ ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ ፖታሲየምን ውስጥ ይዞ የሚያቆየው አንዱ ኃይል ይህ ቮልቴጅ ስለሆነ ፖታሲየም ወደ ውጭ ማፈትለክ ይጀምራል። በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ያለው አሲዳማ ክፍልም እንደ ቫኪዩሉ ወጥመድ ይሆናል፤ አሞኒያ እዚያ ሲጠራቀም የሕዋሱን ጉልበት የሚሸከመው ኤቲፒ የሚሠራበት የፕሮቶን ልዩነት ይፈርሳል። ሴኔዴስመስ በተባለው አልጌ ላይ ፒኤች ከ8 በላይ ሆኖ አሞኒያው ከ2 ሚሊሞላር ሲያልፍ ብርሃን አስተጻምሮውና እድገቱ እንደሚታገድ በ1976 ታትሟል። የእኔ ጠርሙስ የደረሰው እዚህ ወሰን አካባቢ ነበር።

ነገሩ ከተጀመረ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ኦስተርሃውት የተባለው ተመራማሪ ቫሎኒያ በምትባል የባሕር አልጌ ላይ ይሠራ ነበር፤ አንዷ ሕዋስ ብቻዋን በእጅ የምትያዝ ናት። አሞኒያ በዚያች ሕዋስ ውስጥ ከባሕሩ ውሃ እጅግ በልጦ እንደሚጠራቀም በ1930 እሱና ባልደረባው አሳይተዋል። እኛ ቫሎኒያ የለንም፤ ስፓይሮጋይራ የተባለው ክር መሰል አልጌ ግን ሞልቶናል።

አልጌውን መሰብሰብ

ስፓይሮጋይራ ያልተቋረጠ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ረጋ ያለ ንጹሕ ውሃ ይወዳል። የሚያፈስ ሮቶ ሥር ያለ ኩሬ፣ የአትክልት ማጠጫ ገንዳ፣ የቆመ ፏፏቴ ገንዳ ሁሉ ይሆናል። ቀበና ወንዝ ዳርም አረንጓዴ ነገር አይጠፋም፤ ነገር ግን የቤት ፍሳሽ ስለሚገባበት አሞኒያ ቀድሞውኑ አለበት፤ ለዚህ ሙከራ አልመክረውም፤ ለጤናችሁም ጥሩ አይደለም። ፍልውሃ አካባቢ ያለው ውሃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት የዚያ አልጌ የለመደው ፒኤች ሌላ ነው፤ ለማወዳደሪያ እንጂ ለመጀመሪያ ሙከራ አይሆንም። ከጸበል ቦታ በፍጹም አትውሰዱ።

እኔ የምወስደው ከአንዲት እናት ግቢ ነው። የሲሚንቶ ገንዳ አላቸው፣ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ክር ይዞታል። መጀመሪያ ቀን «እማማ፣ ከዚህች ትንሽ ልውሰድ?» ስላቸው፣ «ውሰድ ልጄ፣ እኔ እኮ ጠርጌ ልደፋው ነበር። ምን ይሠራልሃል?» አሉኝ። ለማስተማሪያ እንደሆነ ነገርኳቸው። አሁን ገንዳውን ሲያጥቡ አንድ ጥግ ይተዉልኛል።

ስፓይሮጋይራ መሆኑን በጣታችሁ ትለዩታላችሁ፤ እንደ ሐር ይሾልካል፣ ያንሸራትታል። ሻካራ ከሆነና ቅርንጫፍ ካለው ሌላ ነው፣ ተዉት። አንድ እፍኝ ከራሱ ውሃ ጋር በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ያህል ሙሉና ክዳኑን ሳታጠብቁ አምጡ። በዚያው ቀን ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጡት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ለመጨመር ከፈለጋችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን በክፍት ዕቃ አቆይታችሁ ተጠቀሙ።

ዕቃዎቹ

ማይክሮስኮፕ፣ ስላይድና መሸፈኛ መስታወት፣ ወረንጦ፣ ድሮፐር፣ 1 እና 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ አራት ንጹሕ ብርጭቆ፣ ሶፍት፣ ፒኤች ሜትር። ፒኤች ሜትር ከሌለ ከ5 እስከ 10 የሚያነብ ጥሩ የፒኤች ወረቀት ይሠራል። መብራት ስለሚጠፋ ከታች መስታወት ያለው የድሮ ማይክሮስኮፕ ካላችሁ አትጣሉት፤ መስኮት ዳር በቀን ብርሃን ቀለም ለማየት እንዲያውም እሱ ይሻላል። ለመመዘኛ ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል፤ ከታች ያሉት መጠኖች የተዘጋጁት በእሱ እንዲመዘኑ ነው።

ኬሚካሎቹ አሞኒየም ክሎራይድ፣ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ቦራክስ፣ ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት፣ ትንሽ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ኒውትራል ሬድ የተባለው ቀለም ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ የሕክምናና የላብ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ጠይቁ።

ዲስትልድ ውሃ ካጣችሁ የመኪና ዕቃ መሸጫ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ያገለግላል። እዚህ ላይ አደራ፦ በዚያው መደርደሪያ፣ በተመሳሳይ ጠርሙስ፣ የባትሪ አሲድም ይሸጣል። ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ ጠብታ በፒኤች ወረቀት ፈትኑ። ወረቀቱ ደም መስሎ ከቀላ አሲድ ነው።

ስለ ቤዙ ምርጫም ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ዩሪያ ማዳበሪያ በየቦታው ስላለ በአሞኒየም ፋንታ ልጠቀም የሚል ይኖራል። ዩሪያ ራሱ ፕሮቶን የሚቀበል ቤዝ ነው ማለት አይቻልም፤ አሞኒያ የሚሆነው ዩሪያዝ የሚባለው ኢንዛይም ከሰባበረው በኋላ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም እንዲሁ ነው። ተማሪዎች ቤዝ ነው ሲባል ሰምተው የቡና አተላ ይዘው ይመጣሉ፤ የካፌይን ፒኬኤ ግን 1 እንኳ ስለማይሞላ ፒኤች 5 ያለው ቫኪዩል ፕሮቶን ሊያሸክመው አይችልም። ወጥመድ ውስጥ በደንብ የሚገባውን ምሳሌ ከፈለጋችሁ ክሎሮኪን አለላችሁ፤ የወባ ተሕዋሲው ደም የሚፈጭበት ክፍል አሲዳማ ስለሆነ መድኃኒቱ እዚያ ይጠራቀማል። የምናየው ነገር ከዚያ ጋር አንድ ነው።

ስቶኮቹን መበጥበጥ

ስቶክ ማለት በኋላ የሚቀጥን የጠነከረ ውህድ ነው። እያንዳንዱን በ100 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ አሟሙና ስሙን ጻፉበት።

አሞኒየም ክሎራይድ 5.35 ግራም። ይህ 1 ሞላር ነው።
ሶዲየም ክሎራይድ 5.84 ግራም። ይህም 1 ሞላር ነው።
ቦራክስ 2.4 ግራም። ቶሎ ካልሟሟ ለብ አድርጉት።
ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት፣ ሁለት ውሃ ያለው ዓይነት፣ 3.9 ግራም።
ኒውትራል ሬድ 0.1 ግራም፣ በጨለማ ጠርሙስ።

ሰው ሠራሹ የኩሬ ውሃ ስቶክ ለብቻው በ1 ሊትር ይሠራል፦ ሶዲየም ክሎራይድ 5.84፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.75፣ ሁለት ውሃ ያለው ካልሲየም ክሎራይድ 7.35 ግራም። ይህ 100 እጥፍ የጠነከረ ነው። ካልሲየሙን አትርሱ፤ ያለ እሱ ሜምብሬኑ ይላላና አሞኒያ ሳይነካውም ፖታሲየም ማፍሰስ ይጀምራል።

አሁን አራቱ ብርጭቆዎች። በየአንዳንዱ 180 ሚሊ ሊትር ያህል ዲስትልድ ውሃና 2 ሚሊ ሊትር የኩሬ ውሃ ስቶክ አድርጉ።

ሀ፦ 4 ሚሊ ሊትር ፎስፌት፣ 1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 6
ለ፦ 4 ሚሊ ሊትር ፎስፌት፣ 1 ሚሊ ሊትር አሞኒየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 6
ሐ፦ 4 ሚሊ ሊትር ቦራክስ፣ 1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 9
መ፦ 4 ሚሊ ሊትር ቦራክስ፣ 1 ሚሊ ሊትር አሞኒየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 9

ፒኤቹን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ አስተካክሉና በውሃ 200 ሚሊ ሊትር ላይ አድርሱት። አሞኒየሙም ሶዲየሙም 5 ሚሊሞላር ይሆናሉ ማለት ነው። ሶዲየም ክሎራይድ የጨመርንበት ምክንያት ክሎራይዱና ጠቅላላ ጨውነቱ በአራቱም እኩል እንዲሆን ነው፤ ያለዚያ ለውጡ ከአሞኒያ ይምጣ ከጨው ማወቅ አይቻልም።

ፒኤች የሚለካው አሞኒየሙ ከገባ በኋላ ነው። ቦራክሱን 9 ላይ አስተካክላችሁ አሞኒየም ክሎራይድ ብትጨምሩበት ፒኤቹ ይወርዳል፤ አሞኒየም ራሱ ደካማ አሲድ ነውና። «መ» አልሠራ ያለበትን ብርጭቆ ሳይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ሆኖ ይገኛል።

ትሪስ የሚባለውን በፈር (እንደ ፎስፌቱና ቦራክሱ ፒኤች የሚያጸና ኬሚካል) አትጠቀሙ። ላቦራቶሪ ውስጥ በብዛት ስላለ እጅ ይሄድበታል። ነገር ግን ትሪስ ራሱ አሚን ነው፣ ፒኬኤው 8 አካባቢ የሆነ ደካማ ቤዝ። የአንድን ደካማ ቤዝ ሥራ በሌላ ደካማ ቤዝ ውስጥ መለካት ትርጉም የለውም፤ ማወዳደሪያችሁ «ሐ» ከመጀመሪያው ይበላሻል።

ቀለም ማስገባት

ኒውትራል ሬድን የመረጥነው አሲድ ውስጥ ቀይ፣ አልካሊ ውስጥ ቢጫ ስለሚሆን ነው፤ የሚለወጠው በ6.8 እና በ8 መካከል ነው። ከዚህ የሚያምረው ግን ቀለሙ ራሱ ደካማ ቤዝ መሆኑ ነው። ቫኪዩሉ ውስጥ የሚጠራቀመው አሞኒያ በሚጠራቀምበት በዚያው መንገድ ነው። ቀለሙ ሲገባ እያያችሁ አሞኒያው እንዴት እንደሚገባ እያያችሁ ነው።

የኩሬውን ውሃ ስቶክ 1 ለ100 አቅጥኑና ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ፒኤቹን 7.5 አካባቢ አድርሱት። ከዚህ 9 ሚሊ ሊትር ላይ 1 ሚሊ ሊትር ኒውትራል ሬድ ጨምሩ። ጥቂት ክሮች በወረንጦ አንስታችሁ ለ10 ደቂቃ ንከሩ፣ ከዚያ ቀለም በሌለው በዚያው ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። ፒኤች 5 በሆነ ውሃ ብትነክሩት ቀለሙ የሕዋሱን ግድግዳ ያቀላና ውስጡ ሳይገባ ይቀራል፤ አንድ ክር እንዲያ አድርጋችሁ ለተማሪ ማሳየት በራሱ ትምህርት ነው።

በማይክሮስኮፕ መጀመሪያ በ10፣ ከዚያ በ40 ሌንስ እዩት። ሕዋሱ ረጅም ሳጥን ይመስላል። አረንጓዴው ክሎሮፕላስት እንደ ጥምዝ ሪባን ግድግዳውን ተጠግቶ ይዞራል፤ ኒውክሊየሱ መሃል ላይ በቀጫጭን የሳይቶፕላዝም ክሮች ተወጥሮ ተንጠልጥሏል። የቀረው ሰፊ ቦታ ሁሉ ቫኪዩል ነው፤ አሁን የቼሪ ቀለም ይዞ ከአረንጓዴው ጥምዝ ጀርባ ያበራል። ቫኪዩሉ ጥርት ብሎ ቀልቶ ኒውክሊየሱ ካልቀላ ሕዋሱ ሕያው ነው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ደብዛዛ ቀይ ከሆነ የሞተ ነው፤ ያን ክር ለሙከራው አትጠቀሙ።

ሕያውነቱን በሌላም መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል፦ 20 ግራም ስኳር በውሃ አሟሙታችሁ 100 ሚሊ ሊትር አድርሱ፣ አንድ ክር አስገቡበት። ሕያው ሕዋስ ውሃ ያጣና ሳይቶፕላዝሙ ከግድግዳው ይሸሻል።

ማየት

ቀለም የገባባቸውን ክሮች በአራቱ ብርጭቆዎች አካፍሉና ሰዓት ያዙ። በ5ኛው፣ በ15ኛውና በ30ኛው ደቂቃ ከየብርጭቆው አንድ ክር ከራሱ ውሃ ጋር ስላይድ ላይ አውጡ። በዓይናችሁ ፊት ሲለወጥ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ ቀይ ክር በ«ሐ» ውሃ ስላይድ ላይ አድርጉና በመሸፈኛው መስታወት አንድ ጎን የ«መ» ጠብታ አኑሩ፣ በሌላው ጎን በሶፍት ቁራጭ ሳቡት። ጠብታው ሲያልፍ ዓይናችሁን ከሕዋሱ አታንሱ። መጀመሪያ ቀዩ ይሞቃል፣ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፤ ለውጡ ጠብታው ከመጣበት ጎን ጀምሮ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ሲሄድ ታያላችሁ። ከዚያ ቢጫ ይሆንና ይገረጣል፤ ቻርጁን የጣለው ቀለም መውጣት ስለቻለ ቫኪዩሉን ለቆ እየወጣ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ማይክሮስኮፑን ለሚቀጥለው አይለቅም፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ስላይድ አዘጋጁ።

«ሀ» ቀይ ሆኖ ይቆያል። «ሐ» ትንሽ ሊደበዝዝ ይችላል እንጂ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ «መ» አይሆንም፤ ውጭው አልካሊ መሆኑ ብቻውን የቫኪዩሉን አሲድ ቶሎ አይነካውም፤ ሃይድሮክሳይድ እንደ አሞኒያ ሾልኮ አይገባምና። ቤዙን ወደ ውስጥ የተሸከመው አሞኒያው ነው። አንዳንድ ስፓይሮጋይራ ቫኪዩሉ ውስጥ ታኒን ስላለው ቀለሙን ይዞ አልለቅም ይላል። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ ከሌላ ገንዳ ሞክሩ፤ ወይም የሚለወጠውን ቀለም ብቻ አንብቡ፣ መገርጣቱን አትጠብቁ።

«ለ» ቀይ መሆኑ ግን አያታላችሁ። ፒኤች 6 ላይ አሞኒያው 2 ማይክሮሞላር ብቻ ስለሆነ የቫኪዩሉ ቀለም አይነቃነቅም፤ አሞኒየሙ ግን ከነቻርጁ በማጓጓዣው በኩል እየገባ ነው። ቀለም የሚያሳየን የፒኤቹን ነገር ብቻ ነው። የአዮኑን ለማየት የሚቀጥለው ያስፈልጋል።

የሚፈስሰውን አዮን መለካት

ከአራቱም ብርጭቆ፣ ቀለም ካልነካው አልጌ፣ ለ1 ሰዓት የቆየ 1 ግራም ውሰዱ። ከመመዘናችሁ በፊት በዲስትልድ ውሃ ቶሎ አለቅልቁና ውሃውን በሶፍት በቀስታ አድርቁ። እያንዳንዱን በ50 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ ውስጥ አድርጉና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ወዲያው፣ ከዚያም ከ30 ደቂቃ በኋላ ለኩ። የውሃ ማጣሪያ የሚሸጡ ሰዎች የሚይዙት ትንሽ መለኪያ ይበቃል። በመጨረሻ እያንዳንዱን ለ10 ደቂቃ አፍሉ፣ አቀዝቅዙ፣ የተነነውን ውሃ መልሳችሁ ሙሉና እንደገና ለኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሜምብሬን ለማፍረስ ይህ በቂ ነው። በ30 ደቂቃ የጨመረውን ከፈላ በኋላ ላለው ጠቅላላ አካፍሉና በመቶኛ ጻፉ።

ቁጥሩን ስታነቡ ተጠንቀቁ። ከ«ለ» እና ከ«መ» የሚወጣው ፖታሲየም ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ተይዞ የነበረው አሞኒየምም አብሮ ይወጣል። መለኪያው ሁለቱን አይለይም። ፍሌም ፎቶሜትር ያለው ላብ ቅርባችሁ ከሆነ ያንኑ ውሃ ለፖታሲየም አስለኩት፤ ያኔ ነው እውነተኛው የአዮን ሚዛን የሚታየው።

ጥንቃቄ

«መ» ብርጭቆ የአሞኒያ ጋዝ ይለቃል፤ መስኮት ክፈቱ፣ ብርጭቆውን ግን ክደኑት፤ ክፍት ከቆየ አሞኒያው ይተናል፣ ውጤቱም ይጠፋል። ዕቃዎቹን በበረኪና አትጠቡ። በረኪናና አሞኒያ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፤ ጽዳት ለሚሠሩት ሰዎችም በቃል ንገሯቸው፣ ወረቀት ለጥፎ መሄድ አይበቃም። «ለ»ን አቅጥናችሁ አበባ ብታጠጡበት ማዳበሪያ ነው። «ሐ» እና «መ» ግን ቦራክስ ስላለባቸው ተክል ላይ አይደፉም፤ ቦሮን ሲበዛ ቅጠል ያቃጥላል። በብዙ ውሃ ወደ ፍሳሽ ልቀቋቸው።

ስፒሩሊና የተባለውን ለምግብ የሚሆን ደቂቅ አልጌ ለማራባት ለሚያስቡም አንድ ቃል። ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ የሚኖረው ይህ ፍጥረት ፒኤች 10 አካባቢ የሚመቸው ነው። በዚያ ፒኤች ከምትጨምሩት አሞኒየም 80 በመቶው ወዲያው አሞኒያ ይሆናል። ናይትሬት ተጠቀሙ። አሞኒየም ግድ ከሆነ በጣም ጥቂት በጥቂት፣ በቀን ከፋፍላችሁ ስጡት።

መመለስ

የመጨረሻውን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ነው። በ«መ» ውስጥ 15 ደቂቃ ቆይቶ የገረጣውን ክር አውጡና አለቅልቃችሁ ሰው ሠራሹ የኩሬ ውሃ ውስጥ፣ ያለ አሞኒየም፣ ለ1 ሰዓት በብርሃን አስቀምጡት። ውጭ አሞኒያ ስለሌለ ውስጥ ያለው አሞኒየም ፕሮቶኑን እየተወ በአሞኒያነት ይወጣል። የተተወው ፕሮቶን ቫኪዩሉን መልሶ አሲዳማ ያደርገዋል፤ ፓምፖቹ በመሃል ያስገቡት ሲጨመርበት ከመጀመሪያው በላይ አሲዳማ ሊሆንም ይችላል። እንደገና ለ10 ደቂቃ ኒውትራል ሬድ ውስጥ ንከሩትና ከ«መ» ሳይወጣ 3 ሰዓት ከቆየና እንዲሁ ከተነከረ ክር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ቶሎ የወጣው ሕያው ሆኖ ከቆየ ቫኪዩሉ ጥርት ብሎ ይቀላል። በቆየው ክር ውስጥ ኒውክሊየሱ ራሱ ቀልቶ፣ ጥምዙ ሪባን ተጨማዶ የምታገኟቸውን ሕዋሶች ቁጠሩና ከ100 ሕዋስ ስንት እንደሆኑ መዝግቡ።